የሳሙና ካርቶን ገንዘብ የሆነበት ጊዜ

ባለፈው ሳምንት ቤት ልቀይር ዕቃዬን ስሰበስብ፣ ከጎረቤት ሱቅ ባዶ ካርቶን ለምኜ መጣሁ። መጽሐፎቼን ልከትበት ጎንበስ ስል የልብስ ሳሙና ሽታ አፍንጫዬን መታው። ሳሙናው ተሸጦ ካለቀ ቆይቷል፤ ሽታው ግን ካርቶኑ ውስጥ ቀርቷል። መጽሐፍ እጄ ላይ እንደያዝኩ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። እንዳትስቁብኝ እንጂ ለእኔ ይህ የገንዘብ ሽታ ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ ትምህርት ቤቱም ባንኩም በተዘጋበት ጊዜ፣ መቀሌ፣ እኛ ሰፈር ሓድነት ውስጥ ዳቦ የሚገዛው፣ እህል የሚያስፈጨው፣ ውሃ የሚያስመጣው ከሳሙና ካርቶን የተቆረጠ ቁራጭ ነበር።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። አባቴ የወሎ ሰው ነው። መቀሌ ለአስተማሪነት መጥቶ እናቴን አገባና እዚያው ቀረ። ቤታችን ውስጥ አማርኛና ትግርኛ እየተጋፉ ይኖሩ ነበር። እናቴ ስትመርቅ በአማርኛ፣ ስትቆጣ በትግርኛ ነው፤ አባቴ ትግርኛውን ጥሩ አድርጎ የለመደው በዚህ ምክንያት ነው ይባላል። ጦርነቱ መጥቶ መንገዱ ሲዘጋ ባንኩም አብሮ ተዘጋ። የአባቴ ደመወዝ ቀረ፤ ለዓመታት ያጠራቀመው ደግሞ ባንክ ውስጥ እንዳለ ተቆለፈበት። «ገንዘብ አለን፤ ግን የለንም» ይል ነበር ምሳ ላይ። እኔ ነገር መቆስቆስ እወድ ስለነበር፣ አለን ከተባለ እንዴት የለንም ይሆናል ብዬ እጠይቀዋለሁ። እሱም የኢኮኖሚክስ መምህርሽን ጠይቂ ይለኛል። የኢኮኖሚክስ መምህሬ በዚያን ሰሞን ጎረቤታችን ግቢ ውስጥ ሽንኩርት ይተክል ነበር።

ከባንክ ውጭ የቀረው ብርም ቢሆን እየሳሳ ሄደ። እጅ ለእጅ ሲዞር ጠርዙ አልቆ፣ መሐሉ በፕላስተር ተለጥፎ፣ አንዳንዱ የማን ላብ እንደሆነ የማይታወቅ ሽታ ነበረው። በተለይ ትናንሹ ብር ፈጽሞ ጠፋ። ከቤታችን ፊት ለፊት ያለው ባለሱቅ መልስ የሚሰጠው አጣ። እሱም እንደ አባቴ የወሎ ሰው ነው፤ ሙስሊም ነው። መጀመሪያ መቀሌ የመጣው በጉልበት ሥራ ነበር፤ ጭነት ተሸክሞ ተሸክሞ ሱቅ ከፈተ፣ ከአገሩም ሚስት አመጣ። በደጉ ጊዜ ሳንቲም ሲያጥረው እንደማንኛውም ባለሱቅ ማስቲካ ወይም ከረሜላ በመልስ ፋንታ ይሰጥ ነበር። ማስቲካውም ሲያልቅበት የሳሙና ካርቶን በመቀስ እየቆረጠ መስጠት ጀመረ። ይህን ይዘሽ ነይ፣ ስትመጪ ዕቃ እሰጥሻለሁ ነው ነገሩ።

ብልሃቱ የሚስቱ ነው። ካርቶን ማንም መቁረጥ እንደሚችል ስላወቀች፣ የሰርጓን ሻርፕ ዘርፍ እየፈታች፣ በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ የሐር ክር አስገብታ ትቋጥርበት ነበር። አረንጓዴ ክር አምስት ብር፣ ቀይ ክር አሥር ብር። ቋጠሮው እናቷ ያስተማረቻት ነው፤ ጀርባው ላይ ትንሽ ዐይን የሚመስል ነገር ይተዋል። እንዲህ ያለ ክር በተዘጋ ከተማ ውስጥ ከየትም አይመጣም። አንድ የሰፈራችን ጎረምሳ በሹራብ ክር አስመስሎ ሠርቶ ቢያመጣ፣ አይታ ሳቀችና ለድካምህ ብላ አንድ ክብሪት ሰጠችው። እኔም አንድ ቀን አጠገቧ ቁጭ ብዬ ስትቋጥር እያየሁ፣ ዘርፉ ሲያልቅ ምን ሊሆን ነው አልኳት።

«ካለቀ አለቀ» አለችኝ። «እኔ ፈጣሪ አይደለሁ፣ ክር ከየት አመጣለሁ?»

መልሷ ለምን እንደከነከነኝ በዚያን ጊዜ አላወቅሁም። ባለሱቁ ቢፈልግ እንኳ ካርቶኑን እንዳሻው ሊያበዛው አይችልም ነበር። ሻርፑ ልክ አለው።

ቁራጮቹ ከሱቁ ወጥተው መንከራተት ሲጀምሩ የበለጠ ገረመኝ። ዳቦ ጋጋሪዋ ተቀበለች። ባለወፍጮው ተቀበለ። በመጨረሻ ባለጋሪው ሳይቀር ተቀበለ። መብራት ሲጠፋ የቧንቧ ውሃ ቀጥ ይላል፤ ስለዚህ ይህ ልጅ ከከተማው ዳር፣ ከዓይናለም በኩል በጄሪካን እየቀዳ፣ በፈረስ ጋሪ ሰፈር ለሰፈር ያዞር ነበር። በዕድሜ ከእኔ ትንሽ ነው የሚበልጠው። ፈረሱ ግራጫ፣ ባሕርዩ ከጌታው የከፋ፣ ሰው ሲስቅ ጆሮውን የሚያጥፍ ነበር። የጋሪው ጎማ ጩኸት ከሩቅ ሲሰማ ጄሪካን ሳይሆን መስታወት ነበር መጀመሪያ የማነሳው። ወድጄው ነበር፤ አሁን ብናገረው የሚጎዳው ሰው የለም።

አንድ ጠዋት እናቴ በሁለት አረንጓዴ ክር ስትከፍለው፣ ይህን ካርቶን ለምን እንደሚቀበል ጠየቅሁት። ባለወፍጮው ስለሚቀበለኝ አለ። ባለወፍጮውስ? ዳቦ ጋጋሪዋ ስለምትቀበለው። እሷስ?

«እኔ ስለምቀበላት መሰለኝ፣ ሓፍተይ» አለኝ፤ እኅቴ ማለቱ ነው፤ ሁለታችንም ሳቅን፣ ፈረሱም ጆሮውን አጠፈ።

አባቴ ከውስጥ ሰምቶ ወጣና ስለ አሞሌ ያወራን ጀመር። የአያቶቻችሁ ገንዘብ ጨው ነበር፣ ከአፋር በረሃ በግመል እየመጣ እዚሁ ከተማ ይራገፍ ነበር፣ ርቆ በሄደ ቁጥር ዋጋው ይጨምር ነበር አለን። ባለጋሪው በአክብሮት ካዳመጠው በኋላ፣ ጨውስ ቢቸግር ወጥ ውስጥ ይገባል፣ እኔ ይህን ካርቶን በምን ልብላው ብሎ ሄደ። እንዲህ እያለ ግን ከሰፈሩ ሰው ሁሉ የበለጠ ካርቶን ያጠራቀመው እሱ ነበር። የእናቱ ቤት ጣሪያ ያፈሳል። መንገድ ሲከፈት ባለሱቁ ቆርቆሮ ሊያመጣለት ተነጋግረዋል፤ ሒሳቡ በካርቶኑ ነው። ከዕለት ጉርሱና ከፈረሱ ገለባ የተረፈውን ሁሉ በባዶ የወተት ጣሳ ውስጥ ይከት ነበር። ጣሳዋን ከጋሪው መቀመጫ ሥር አስሯት ይዞራል፤ ሲነዳ ድምፅ የላትም፤ ሳንቲም አይደለማ።

የእኛ ቤት ዱቄት ያለቀው በዚያው ሰሞን ነው። እናቴ ሣጥኗን ከፍታ የወርቅ ድሪዋን አወጣች። ይህች ድሪ በሰፈራችን ከእናቴ ይልቅ የታወቀች ናት። በእኛ ዘንድ ሙሽራ በራሷ ወርቅ ብቻ አትዳርም፤ የጎረቤት ሴቶች ያላቸውን እያወጡ ያውሷታል፣ ሰርጉ ሲያልፍ ይመለሳል። የእናቴን ድሪ ያላጠለቀች ሙሽራ በመንገዳችን ላይ የለችም ማለት ይቻላል። ሴቶቹ ዳስ ውስጥ ከሩቅ አይተው የትኛው ወርቅ የማን እንደሆነ ይለያሉ፤ ስለ ሙሽራዋ ከማውራታቸው በፊት ስለ ወርቁ ያወራሉ። ድሪዋ አንድ ቀን የእኔ ልትሆን ነበር። እናቴ ግን በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረቻት፤ ዱቄት ዱቄት ነው።

አንጥረኛው ዘንድ ስንደርስ፣ ከእኛ ቀድመው የመጡ ሴቶች ወርቃቸውን በመሐረብ ይዘው ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ማንም ማንንም አያይም። ተራችን ደረሰ። ድሪዋን ጥቁር ድንጋዩ ላይ አሸት አሸት አደረጋት፤ የቀረውን ቢጫ መስመር በብርሃን አዟዙሮ አየና ፈገግ አለ፤ እንዲህ ያለ ወርቅ ዛሬ አይገኝም አለ። ቀጥሎ የጠራው ዋጋ ግን ለወር ዱቄት እንኳ አይበቃም። እናቴ ፊቷ ተለዋወጠ፤ ወርቅ እንዲህ ይርከስ እንዴ አለችው።

«ወርቁ አልረከሰም፣ ሓፍተይ» አላት። «ሁሉም ሻጭ ሆነ። ገዢ ከየት ላምጣ? ብሩ እኔም ጋ የለም።»

ጠይቄ ካልወጣሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። ወርቅ መጀመሪያውኑ ለምን ውድ ሆነ አልኩት። ሰውየው ሥራ ፈት ስለነበር ደስ አለው። አይዝግም፣ አይሻግትም፣ ቢያቀልጡት አይጎድልም፣ ሰው ሠርቶ አያበዛውም አለኝ። ድንጋይም አይዝግም አልኩት። ድንጋይን ማን ይፈልገዋል፣ ወርቅን ግን ሰው ሁሉ ይፈልገዋል አለ። ሰው ሁሉ ለምን ይፈልገዋል?

«ሰው ሁሉ ስለሚፈልገው ነዋ» አለ፤ እናቴም ክንዴን ቆነጠጠችኝ።

ድሪዋን ሳንሸጥ ተመለስን። እኔ መንገድ ላይ ክንዴን እያሸሁ የአንጥረኛውን መልስ ከባለጋሪው መልስ ጋር ሳመዛዝን ነበር። አንዱ ስለ ወርቅ፣ አንዱ ስለ ካርቶን ነው የሚያወራው፤ የሚሉት ነገር ግን አንድ ዓይነት ሆነብኝ። ዱቄቱን እንዴት እንዳገኘን ብነግራችሁ ትስቃላችሁ፤ አባቴ የባለወፍጮውን ልጅ እንግሊዝኛ ሊያስጠና ተስማማ፣ የሚከፈለውም በቀይ ክር።

ብዙም ሳይቆይ የባለሱቁ ሚስት ታመመችና ሱቁ ለሁለት ቀን ተዘጋ። ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር ይባላል፤ የእኛ ሰፈር ሰው ግን መላውን ትቶ ወሬውን ጨመረ። ባለሱቁ ዕቃውን እየቋጠረ ነው ተባለ። ሌሊት ሊወጣ ነው ተባለ። በዚያ ጊዜ የወሎ ሰው መሆን ምን ማለት እንደነበር አባቴ ያውቃል፤ ማንም በአፉ አልተናገረም እንጂ አገሩ በወዲያ በኩል መሆኑን ሁሉም በልቡ ይዟል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና ባለሱቁ የሰማው በመጨረሻ ነው። በሦስተኛው ቀን ጠዋት በሩን ሲከፍት ሰፈሩ በሙሉ ካርቶኑን ይዞ ደጁ ላይ ቆሞ አገኘው።

ማንም አልተሳደበም፤ እሱ ነው የሚያስፈራው። ተራ በተራ ካርቶናቸውን ይዘረጋሉ፣ ጨውም ይሁን ክብሪት ያለውን አምጣ ይላሉ። ባለሱቁ እየማለ፣ ሚስቴ ታማ ነው እያለ፣ ከመደርደሪያው እያነሳ ይሰጣል። መደርደሪያው እየሳሳ መጣ። ባለጋሪው ከመንገዱ ማዶ ከፈረሱ ጎን ቆሟል፤ ጣሳዋን ብብቱ ሥር ይዟታል። ሰልፉ ውስጥ አልገባም። ሄጄ ለምን ቆምክ አልኩት።

«እኔ ከገባሁ፣ ከሁሉ ብዙ ያለው እሱም ፈራ ይላሉ፤ ያኔ ያልቅለታል» አለኝ። «ካልገባሁም የእናቴ ጣሪያ እዚያ መደርደሪያ ላይ እያለቀ ነው።»

ሳይስቅ ሲያወራ ያን ቀን አየሁት። ያን ሁሉ ውሃ ከዓይናለም ያመላለሰበት ድካም በአንድ ጠዋት ተመልሶ ካርቶን ሊሆን ነው። እያለቀስኩ ቤት ገብቼ ለእናቴ ነገርኳት።

እናቴ እጇን ከሊጥ አውጥታ ታጠበች። ሣጥኗን ከፈተች፤ ድሪዋን አወጣች፤ መሐሉ ላይ ያለውን መስቀል በጥርሷ አላልታ ፈታችና መዳፌ ላይ አኖረችው። ያን ጊዜ ምን ልታደርግ እንደሆነ ገባኝ። አባቴም ገባው፤ ወርቅ ላበደረ ጠጠር እንዳይሆንብሽ አላት።

«ልሸጠው ወስጄ ማን ገዛኝ?» አለችው በአማርኛ። «እስቲ ቢያንስ ይታይ።»

ሰዉን በትከሻዋ እየገፋች ገባች፤ እኔም ተከተልኳት። የባለሱቁ ሚስት ከመጋረጃው ኋላ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች፤ ፊቷ ገርጥቷል። እናቴ ዕቃ ስታውስ እንደምትናገረው ነው የተናገረችው። «እኅቴ፣ ሰርግ የለም፤ ግን ይህን አንገትሽ ላይ አድርጊና ሚዛኑ ጋ ቁሚልኝ። መቆም ካቃተሽ እኔ እደግፍሻለሁ።» ሴትዮዋ መስቀሉ የነበረበትን ባዶ ቦታ በጣቷ ነካችው። ከዚያ ሻሿን ወደ ኋላ አድርጋ አንገቷን ሰጠቻት።

ሁለቱ ሚዛኑ ጋ ጎን ለጎን ቆሙ። ከፊት የቆሙት ሴቶች ናቸው ቀድመው ያዩት፤ መስቀል ባይኖራትም ድሪዋን ለመለየት አፍታ አልፈጀባቸውም። አንዲት ልጇን በዚያች ድሪ የዳረች ሴትዮ የያዘችውን ካርቶን ቀስ ብላ ወደ ነጠላዋ መለሰች። ከኋላ የነበሩት ምንድን ነው እያሉ ተጠያየቁ፤ የእገሊት ድሪ ናት ተባለ። ፊት ለፊት የምትኖር፣ ማን ምን እንደጫነ በመስኮቷ የምታይ ሴት ወርቋን ለሚሄድ ሰው ሚስት አታውስም። እንዲህ ብለው ሲነጋገሩ አልሰማሁም፤ ሲበተኑ ግን አየሁ። የወሰደውን ጨው መልሶ ካርቶኑን የተቀበለም ነበር።

ባለጋሪው ከማዶ ሆኖ ጣሳዋን ወደ ቦታዋ አሰራት። በማግሥቱ ውሃ ሲያመጣ እናቴ እንደወትሮው በአረንጓዴ ክር ከፈለችው፤ እሱም በሁለት እጁ ተቀበላት። እንዲያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ወርቁ አልተሸጠ፣ አልተለወጠ፣ ከመንገድ ማዶ ተሻግሮ ታየ እንጂ ሌላ ምንም አላደረገም። የባለሱቁ ሚስት ሰፈሩ ልቡ እስኪረጋ ድረስ ድሪዋን ሳታወልቅ ዕቃ አጠበችባት፣ ሽንኩርት መዘነችባት፤ ከዚያ በሳሙና አጥባ መለሰችልን።

ክረምት ሲገባ ባለጋሪው እንደ ሌሎቹ የሰፈሩ ወጣቶች ወደ ጦርነቱ ሄደ። ፈረሱን ለአጎቱ፣ ጣሳዋን ለእናቱ ሰጠ። ሊሰናበተን ሲመጣ አባቴ አቅፎት ቆየ። እኔ በር ድረስ ሸኘሁት። መንገድ ሲከፈት ለባለሱቁ ቆርቆሮውን አስታውሺልኝ አለኝ። እሺ አልኩት።

መንገዱ ተከፈተ። ባንኩም ተከፈተ። አባቴ ተሰልፎ ገንዘቡን አወጣ፤ ገበያ ወጥቶ ሲመለስ ግን ያ ሁሉ ቁጠባ ምን ያህል እንዳነሰ አይቶ ሳቀ፣ ሳቁ ደስ አይልም ነበር። ባለሱቁ ካርቶን ያላችሁ ሁሉ አምጡ ብሎ በየቤቱ ላከ። ሚስቱ የተመለሰውን ቁራጭ ሁሉ ክሩን በመቀስ እየቆረጠች ታስቀምጠው ነበር። የባለጋሪውን ነገር ላስታውሰው ስሄድ፣ ገና አፌን ሳልከፍት ቆርቆሮው ነገ ይጫናል አለኝ። ዋጋው በዚያን ጊዜ ከተነጋገሩበት ስንት እጥፍ እንደሆነ አልነገረኝም። ቆርቆሮው ሳይጫን ግን የባለጋሪው መርዶ መጣ።

ለቅሶው ካለፈ በኋላ እናቴ፣ ባለሱቁና እኔ ሆነን ሄድን። ቆርቆሮውን የጫነው የሌላ ሰው ጋሪ ነበር። የባለጋሪው እናት ጥቁር ለብሳ ደጇ ላይ ተቀምጣለች። ቤቷ ውስጥ ጣሪያው የሚያፈስበት ቦታ ሁሉ ሳህን ተደርድሯል፤ ጣሳዋ ግን ከፍ ብላ ደረቅ ቦታ ላይ ተቀምጣለች። ባለሱቁ ከፊቷ ቁጢጥ ብሎ በተሰባበረ ትግርኛ አስረዳት። ልጅሽ ሠርቶ ያገኘው ነው፣ ቆርቆሮው ይኸው፣ የተረፈው ብርም ይኸው፣ ካርቶኑን ብቻ ስጪኝ አላት።

ጣሳዋን አወረደች፣ ከፈተችና አንዱን ቀይ ክር በጣቷ ዳበሰችው። አልሰጥም አለች። እጁ ያረፈበት ሌላ ነገር የለኝም፤ ቆርቆሮህን መልስ፣ እኔ ይህን በምንም አልለውጥም አለች። እናቴ ልትለምናት ብትሞክር ራሷን ነቀነቀች።

«ኣደይ፣ ዕዳ ይዤ መሞት እፈራለሁ» አላት ባለሱቁ፣ በትግርኛ እናቴ ብሎ እየጠራት። ዐይኑ እንባ ሞልቷል።

«እንግዲያስ አትሙት፣ ወደይ፣ ልጄ» አለችው። «ዕዳዬ ይኑርብህ። ዕዳ ያለበት ሰው ደጅ ይረግጣል።»

ቆርቆሮውን ከግድግዳዋ አስደግፎ ሄደ። ኋላ የሰፈሩ ልጆች ተሰብስበው ጣሪያው ላይ መቱላት፤ እሷ ግን የተከፈለኝ ሳይሆን በአደራ የተቀመጠ ነው ትላለች። ባለሱቁ አሁንም ሓድነት ነው። ለበዓል አገሩ ገብቶ ሲመለስ፣ ሱቁን ሳይከፍት በፊት መጀመሪያ የሚሄደው እሷ ዘንድ ነው። አንድ ጊዜ ተከትዬው ሄጄ ነበር። ከደጅ ቆሞ፣ ኣደይ፣ ዕዳሽ አለብኝ አላት።

«እወ፣ ኣለካ» አለችው፤ አዎ፣ አለብህ ማለቷ ነው፤ ወንበርም ሳበችለት።